ራውተሩ ማንን ይመን?

በዱራሜም ሆነ በሆሳዕና ለጉዳይ ወደ ቢሮ የሄደ ሰው «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ሳይሰማ አይቀርም። ለዚህ ችግር የሚቀርበው መፍትሔም የታወቀ ነው፤ ሁለተኛ መስመር ይግባ ይባላል። ፋይበሩ ሲቋረጥ የሚተካ የሞባይል ኢንተርኔት ይገዛል፣ ወርሃዊ ክፍያው በበጀት ይያዛል፣ ራውተሩም ይገጠማል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ይሁንና ሁለት መስመር ያለው ቢሮ አንድ መስመር ካለው የሚሻለው መሐል ላይ የተቀመጠው ራውተር የትኛውን መቼ መምረጥ እንዳለበት በትክክል ከተነገረው ነው። ይህ ውሳኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢሮው ውስጥ አይወሰንም። ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት በሚመጣው ቁጥር ይወሰናል፤ ፋብሪካዎቹም በዚህ ቁጥር አይስማሙም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። ራውተር ከብዙ የመረጃ ምንጮች መካከል የትኛውን አስቀድሞ እንደሚያምን መወሰን የአምራቹ ሥራ ሆኖ መቅረት የለበትም። በየዞኑና በየወረዳው ያሉ የሕዝብ ተቋማት ራሳቸው ሊወስኑት፣ በጽሑፍ ሊያኖሩትና ሊፈትኑት ይገባል።

የራውተር ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። መረጃ በፓኬት ተከፋፍሎ ይደርሰዋል፤ የመድረሻውን አይፒ አድራሻ ያነባል፤ በየትኛው በር እንደሚያስወጣው ሠንጠረዥ አይቶ ይወስናል። ሠንጠረዡን የሚሞላው መረጃ ግን ከአንድ ቦታ አይመጣም። አንዳንዱ ኔትወርክ ከራውተሩ ጋር በገመድ በቀጥታ የተያያዘ ነው። አንዳንዱን መንገድ የአይሲቲ ባለሙያው በእጁ ጽፎ ያስገባዋል፤ ስታቲክ ራውት የሚባለው ይህ ነው። ሌላውን ራውተሩ እንደ ሪፕ፣ ኦኤስፒኤፍና ቢጂፒ ባሉ ፕሮቶኮሎች አማካይነት ከጎረቤት ራውተሮች ይማረዋል።

ከዱራሜ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ በሆሳዕና በኩል ልሂድ ወይስ በሀላባ ቁሊቶ በኩል ብሎ ቢጠይቅ፣ ከዓመታት በፊት የተተከለው ታፔላ አንድ ነገር ይለዋል፤ ዛሬ ጠዋት ከዚያ የመጣው ሾፌር ሌላ ይለዋል፤ ስልክ የደወለለት ዘመድ ደግሞ ሦስተኛ መልስ ይሰጠዋል። መንገደኛው መንገዶቹን ከማወዳደሩ በፊት የማንን ቃል እንደሚያስቀድም መወሰን አለበት። ራውተርም የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው።

በኔትወርክ ላይ ነገሩን የሚያከብደው ምንጮቹ በአንድ ሚዛን አለመለካታቸው ነው። ሪፕ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በይፋ ሰነድ የወጣው አንጋፋ ፕሮቶኮል፣ ርቀትን የሚያውቀው በመካከል ያሉትን ራውተሮች ቆጥሮ ነው፤ ከ15 ካለፈ መድረሻው አይደረስበትም ብሎ ይተወዋል። ኦኤስፒኤፍ የመስመሩን ፍጥነት ያያል። ቢጂፒ ደግሞ በተለያዩ ድርጅቶች መካከል የሚሠራ ስለሆነ መንገዱ ስንት ድርጅቶችን እንደሚያቋርጥና ባለቤቶቹ ምን እንደሚመርጡ ይመለከታል። የሪፕ 3 እና የኦኤስፒኤፍ 20 ጎን ለጎን ተቀምጠው የትኛው ይሻላል ቢባል መልስ የለውም። አንዱ ራውተር ቆጥሯል፤ ሌላው ፍጥነት ለክቷል።

ስለዚህ አምራቾች ለእያንዳንዱ ምንጭ የእምነት ቁጥር ሰጡ። ሲስኮ አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ ይለዋል፤ ሁዋዌና ጁኒፐር ፕሪፈረንስ ይሉታል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ምንጩ ይበልጥ ይታመናል። ወደ አንድ ኔትወርክ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች ከሁለት ምንጮች ሲመጡ፣ ራውተሩ አነስተኛ ቁጥር ያለውን ሠንጠረዡ ውስጥ ያስገባል፤ ሌላውን ወደ ጎን ያቆየዋል። ፍጥነትና ርቀት የሚወዳደሩት ከአንድ ምንጭ በመጡ መንገዶች መካከል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ከእምነትም ይቀድማል። ፓኬት በሚያልፍበት ቅጽበት ራውተር የሚመርጠው ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን አድራሻ ነው። ለሰፊ ክልል አንድ መንገድ፣ በዚያ ውስጥ ላለች ጠባብ ክፍል ደግሞ ሌላ መንገድ ካለው፣ የጠባቧ መንገድ ያሸንፋል፤ የመጣችበት ምንጭ ምንም ቢሆን። ዓለም ይህን በደንብ ያወቀው እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 2008 ነው። የፓኪስታን ቴሌኮም በአገሩ ውስጥ ዩቲዩብን እንዲዘጋ ታዞ ስለነበር፣ ከዩቲዩብ አድራሻ ውስጥ ጠባብ ክፍል ወስዶ ወደ የትም የማይደርስ መንገድ አደረገው። መንገዱ በቢጂፒ በኩል ሾልኮ ፒሲሲደብሊው ወደተባለው የሆንግ ኮንግ ድርጅት ወጣ፤ ከዚያም ወደ ዓለም ተዛመተ። ዩቲዩብ ያስተዋወቀው መንገድ ሰፋ ያለውን ስላሽ 22 ነበር፤ ከፓኪስታን የወጣው ደግሞ ጠባቡን ስላሽ 24። በየአህጉሩ ያሉ ራውተሮች ዝርዝሩን መርጠው የዩቲዩብን ተመልካች ወደ ፓኪስታን ይልኩ ጀመር። ችግሩ እስኪፈታ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ዩቲዩብም ራሱ ይበልጥ ጠባብ መንገዶችን በማስተዋወቅ ነበር አድራሻውን ለማስመለስ የታገለው። ለአንድ አገር ውስጥ ታስቦ የተጻፈ መንገድ ከአንድ ፕሮቶኮል ወደ ሌላው ሲሻገር ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ወደ እምነት ቁጥሩ እንመለስ። ሲስኮ በቀጥታ ለተያያዘ ኔትወርክ 0፣ ለስታቲክ 1፣ ከሌላ ድርጅት በቢጂፒ ለመጣ መንገድ 20፣ ለኦኤስፒኤፍ 110፣ ለሪፕ 120 ይሰጣል። በሁዋዌ ራውተር ላይ በቀጥታ የተያያዘው 0 ነው፤ ቀጥሎ የሚታመነው ግን ኦኤስፒኤፍ ነው፤ 10። ስታቲክ 60 ላይ ይቀመጣል፤ ሪፕ 100፤ ቢጂፒ 255 ሆኖ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ጁኒፐር ለስታቲክ 5፣ ለኦኤስፒኤፍ 10፣ ለቢጂፒ 170 ይሰጣል። ሦስት አምራቾች፣ ሦስት ቅደም ተከተሎች። ሲስኮ ከፊት ያስቀመጠውን ቢጂፒ ሁለቱ ወደ ኋላ ጥለውታል።

ይህ ልዩነት ስሕተት አይደለም። ፕሮቶኮሎቹን የሚገዙት ሰነዶች ለዓለም ሁሉ አንድ ናቸው፤ በፕሮቶኮሎቹ መካከል ማን ይታመን የሚለውን ግን ለሁሉም የሚወስን ሰነድ የለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የራውተሮች መመዘኛ፣ ቁጥሩ 1812 የሆነው፣ ራውተር የመረጃ ምንጮችን ከታማኙ ወደማይታመነው በደረጃ መመደብ ሊችል ይገባል ይላል። ማዕከላዊና የታመነ እምብርት የነበረው የድሮው ኢንተርኔት በመቅረቱ ይህ ችሎታ ይበልጥ አስፈላጊ መሆኑንም ይጠቅሳል። ደረጃውን የሚያስይዘው ግን የኔትወርኩ ባለቤት ነው።

ከቁጥሮቹ በስተጀርባ ሁለት የተለያዩ አመለካከቶች አሉ። ሲስኮ፣ ሰው አስቦ በእጁ የጻፈው ከማንኛውም ወሬ ይበልጣል ባይ ነው። ሁዋዌ ደግሞ፣ ቢያንስ በኦኤስፒኤፍ ረገድ፣ ዛሬ ከጎረቤት በሕይወት የሚመጣው ዜና ትናንት ከተጻፈ መስመር ይበልጣል ባይ ነው። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ባለሙያው ሁልጊዜ ማሽኑ አጠገብ በሚገኝበት ተቋም የመጀመሪያው ይሠራል። አንድ ባለሙያ ብዙ መሥሪያ ቤቶችን በሚያገለግልበት ዞን፣ የተጻፈ መስመር ሲያረጅ የሚያየው ሰው በማይኖርበት ቦታ፣ ሕያው ዜናን ማስቀደም ይሻላል፤ የዚህ ጸሐፊ ፍርድ ይህ ነው። ዋናው ነገር ግን ተቋሙ የትኛውን እንደመረጠ ማወቁ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጥያቄው በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። የአገሪቱ የቴሌኮም መሠረተ ልማት በየዘመኑ በተለያየ ብድርና በተለያየ አምራች ተገንብቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከዜድቲኢ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት ተፈረመ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣው ማስፋፊያ በሁዋዌና በዜድቲኢ መካከል እኩል ተከፈለ፤ ከዜድቲኢ ድርሻ ላይ የተወሰነው በኋላ ወደ ኤሪክሰን ዞረ። በሌላ በኩል በየዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ የሚማር ወጣት ለብዙ ዓመታት የተማረው በሲስኮ አካዳሚ መጽሐፍ ነው። ሲሲኤንኤ ለተባለው የሲስኮ ፈተና የተዘጋጀ ተማሪ 0፣ 1፣ 20፣ 110፣ 120 እያለ ቁጥሮቹን በቃሉ ይይዛቸዋል። ተመርቆ በሥራ ቦታው የሚያገኘው ራውተር ግን ሁዋዌ ሊሆን ይችላል። የቃል ጥናቱ እዚያ አይረዳውም፤ እንዲያውም ያሳስተዋል።

እንዴት እንደሚያሳስት በምሳሌ እንየው። ዱራሜ ላይ ያለ አንድ ቢሮ ወደ ሆሳዕናው ሰርቨር የሚሄድበት ፋይበር አለው እንበል፤ መንገዱን በኦኤስፒኤፍ ይማራል። ለመጠባበቂያ በሞባይል ኢንተርኔት ላይ የቪፒኤን መስመር ተዘረጋ፤ ባለሙያውም ለዚያው ሰርቨር አንድ ስታቲክ ራውት ጻፈ። ራውተሩ ሲስኮ ከሆነ ስታቲኩ 1 ነው፤ ኦኤስፒኤፉ 110። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የቢሮው ሥራ በሙሉ ወደ መጠባበቂያው ይዞራል። ሁሉም ነገር ስለሚሠራ ማንም አያስተውልም። ቀይ መብራት አይበራም፤ የስሕተት መልእክት አይወጣም። ፋይበሩ ሥራ ፈትቶ ወርሃዊ ክፍያው ይከፈልበታል። የወሩ የሞባይል ጥቅል ያለቀ ዕለት ግን ፋይበሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ባለጉዳዩ «ሲስተም የለም» ይባላል፤ ምክንያቱም የሞባይል ሞደሙ መብራቱ እንደበራ ነው፣ ገመዱም ተሰክቷል፣ ራውተሩም መንገዱ የሞተ መሆኑን የሚያውቅበት ነገር የለውም።

ያችኑ መስመር ሁዋዌ ላይ ብትጽፏት ውጤቱ ይገለበጣል። ኦኤስፒኤፍ በ10 ስታቲኩን በ60 ይቀድማል፤ ፋይበሩ ይሠራል፣ ሞባይሉ ይጠብቃል። ያው ባለሙያ፣ ያው ሐሳብ፣ ያው ትእዛዝ፤ ሁለት ተቃራኒ ውጤት። እዚህም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መንገዱ መጀመሪያ ከሌላ ፕሮቶኮል ወጥቶ ወደ ኦኤስፒኤፍ የገባ ከሆነ፣ ሁዋዌ እምነቱን ወደ 150 ያወርደዋል፤ ስታቲኩ መልሶ ያሸንፋል ማለት ነው። ሲስኮ በዚህ ረገድ ልዩነት አያደርግም፤ ሁለቱንም 110 ይላቸዋል።

ሁለቱ አምራቾች በአንድ መስመር ጫፍና ጫፍ ሲገናኙ ደግሞ ጉዳዩ ይከፋል። የእምነት ቁጥር በራውተሩ ውስጥ የሚቀር ነው፤ ለጎረቤት አይነገርም። ዱራሜ ላይ ሁዋዌ፣ ሆሳዕና ላይ ሲስኮ አለ እንበል። አንድ ጊዜ የሆሳዕናና የአዲስ አበባ መስመር ሲበላሽ፣ ለጊዜው ተብሎ ሆሳዕና ላይ ያለው ራውተር ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን በዱራሜ በኩል እንዲልክ ስታቲክ ተጻፈ፤ መስመሩ ሲጠገን ግን ማንም አላጠፋውም። አሁን ዱራሜ ሕያው ዜናውን አምኖ ፓኬቱን ወደ ሆሳዕና ይልካል። ሆሳዕና የተጻፈውን አምኖ ወደ ዱራሜ ይመልሰዋል። ፓኬቱ በእያንዳንዱ ራውተር ባለፈ ቁጥር ከዕድሜው አንድ ይቀነሳል፤ ዕድሜው 0 ሲሆን ይጣላል። ሁለቱም ራውተሮች እንደታዘዙት ሠርተዋል፤ መረጃው ግን የትም አልደረሰም።

ዱራሜና ሆሳዕና የሚገኙበት የኬምባታና የሀዲያ አካባቢ ለእንዲህ ያለው ነገር ይበልጥ ሊጠነቀቅ የሚገባው አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለው። እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ዞኖቹ የደቡብ ክልል አካል ነበሩ፤ የክልሉ መቀመጫም ሐዋሳ ነበረች። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መቀመጫው ሆሳዕና ሆነ። ሪፖርቱ፣ በጀቱ፣ የሠራተኛው መረጃ ቀድሞ ወደ ሐዋሳ ይሄድ የነበረው አሁን ወደ ሆሳዕና ይሄዳል። ሰዎች አዲሱን አድራሻ በደብዳቤ ተነግሯቸዋል። ስታቲክ ራውት ግን ክልል መለወጡን የሚነግረው የለም። በአንድ ራውተር ውስጥ የሐዋሳን ዘመን መንገድ የያዘ መስመር ካለ፣ ራውተሩ ሲስኮ ከሆነ በእምነት ቁጥሩ ከጎረቤት ከሚመጣው ዜና ሁሉ በላይ ተቀምጦ አዲሱን መንገድ ይሸፍነዋል። የአስተዳደር መዋቅር በተለወጠ ጊዜ የማኅተምና የደብዳቤ ራስጌ ለውጥ ይደረጋል፤ የራውተሮች ምርመራ ግን ከዚያው ዝርዝር ውስጥ መግባት ነበረበት።

ሁለተኛው ለውጥ በገበያው የመጣ ነው። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ከገባበት እ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አቅራቢው አንድ የመንግሥት ድርጅት ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2021 ፈቃድ አግኝቶ በጥቅምት 2022 በይፋ ሥራ ሲጀምር፣ አገልግሎቱ በደረሰባቸው ከተሞች ያለ ተቋም ከሁለት አቅራቢ መስመር መግዛት ቻለ። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ አንዱ ሲቋረጥ ሌላው ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ሁለት አቅራቢ ማለት ሁለት የመረጃ ምንጭ ማለት ነው፤ ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄም አብሮ ይገዛል።

የስሕተቱ ጉዳትም እየከበደ መጥቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተናን በኮምፒውተር ይወስዳሉ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኦንላይን ተሰጥቷል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ከሆሳዕናው ዋና ግቢ ሌላ ዱራሜ ላይ ካምፓስ አለው። አራት ዓመት የለፋ ተማሪ በፈተናው ሰዓት ስክሪኑ ሲቆምበት፣ ምክንያቱ ከባሕር ማዶ በፋብሪካ የተሞላ ቁጥር ነው ቢባል ማን ይቀበለዋል?

አንዳንድ ባለሙያዎች መፍትሔው ሁሉንም ዕቃ ከአንድ አምራች መግዛት ነው ይላሉ። ለአንድ ቢሮ ሊሠራ ይችላል። ለክልል ግን አይሠራም፤ የመንግሥት ግዥ በውድድር የሚካሄድ ነው፣ ዕርዳታ ሰጪም የራሱን ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ የቴሌኮሙ ራውተር ደግሞ በቢሮው ምርጫ አይገዛም። የተደባለቀ ኔትወርክ እንደሚኖር ተቀብሎ ማቀድ ይሻላል።

ዕቅዱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እነዚህ ቁጥሮች በሙሉ በባለሙያ ሊለወጡ የሚችሉ ናቸው። መጠባበቂያ የሆነን ስታቲክ በሲስኮ ላይ ለምሳሌ 250 ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ኦኤስፒኤፍ እስካለ ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ኦኤስፒኤፍ ሲጠፋ ብቻ ብቅ ይላል። ለሁዋዌም እንዲሁ ቁጥሩን በግልጽ መጻፍ ይቻላል። እዚህ ላይ የዚህ ጸሐፊ ምክር ጠበቅ ያለ ነው፤ የፋብሪካው ቁጥር ትክክል ሆኖ ቢገኝ እንኳ በግልጽ ይጻፍ፤ ነገ ራውተሩ በሌላ አምራች ሲተካ ተተኪው ባለሙያ የታሰበውን ያያል። ስታቲኩም መድረሻው በሕይወት መኖሩን እየፈተነ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል፤ ሁሉም ታዋቂ አምራቾች ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አላቸው።

በግዥ ሰነድ ላይ «ራውተር፣ ብዛት 1» ብሎ መጻፍ አይበቃም። አቅራቢው ሲያስረክብ የትኛው መንገድ ዋና፣ የትኛው መጠባበቂያ እንደሆነ፣ ለእያንዳንዱ ምንጭ የተሰጠው ቁጥር ስንት እንደሆነና ስታቲክ መስመሮቹ ለምን እንደተጻፉ የሚያሳይ ገጽ በአማርኛ እንዲያስረክብ በውሉ ይካተት። ክፍያው የሚጠናቀቀውም ርክክቡ ላይ ፋይበሩ በሰው ፊት ተነቅሎ መጠባበቂያው ሲሠራ፣ ፋይበሩ ተመልሶ ሲሰካም ሥራው ወደ ፋይበሩ ሲመለስ ከታየ በኋላ ይሁን። ሁለተኛው ፈተና ብዙ ጊዜ ይረሳል። መሄዱን አይተው መመለሱን ሳያዩ የፈረሙ ሰዎች ናቸው በወሩ መጨረሻ የጥቅል ማለቅ የሚያጋጥማቸው።

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሊረዳ ይችላል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው በዞኑ ያሉ ፈቃደኛ ቢሮዎችን ራውተሮች ቢመዘግቡ፣ የትኛው አምራች የት እንዳለና ያረጁ መስመሮች የት እንደቀሩ ቢያሳዩ፣ ለከተማውም ለተማሪውም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል። የትምህርት ክፍሎቹም የአንዱን አምራች ቁጥር ከማስሸምደድ ይልቅ የሁለት አምራቾችን ራውተሮች በአንድ ላብ አገናኝተው ሲጋጩ ቢያሳዩ ተማሪው ምክንያቱን ይይዛል። ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ በአንድ መካከለኛ ኮምፒውተር ላይ የሁለቱንም ራውተሮች አሠራር የሚያስመስሉ ሶፍትዌሮች አሉ፤ የዱራሜንና የሆሳዕናን ምሳሌ በላዩ ላይ አቁሞ ፓኬቱ ሲመላለስ ማየት ይቻላል።

የክልሉ ተቋማት በዚህ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ማድረግ የሚችሉ ከሆነ፣ ከሐዋሳ ዘመን ጀምሮ ያልተነካካ ራውተር ካለ ሠንጠረዡን ከፍተው በእጅ የተጻፉትን መስመሮች አንድ በአንድ ያንብቡ፤ ለእያንዳንዱም ማን፣ መቼ፣ ለምን ጻፈው ብለው ይጠይቁ። መልስ ያልተገኘለት መስመር ከሥራ ሰዓት ውጭ ይውጣ፤ በማግስቱ ጠዋት ምን እንደተቋረጠ ይታይ፤ የተቋረጠ ነገር ካለ መስመሩ ይመለስና ምክንያቱ ከአጠገቡ ይጻፍ።